ይቅር ብያለሁ ብዬ የፈረምኳት ወረቀት

ወረቀቷ እስካሁን አለችኝ። ከደብተር የተገነጠለች አንድ ገጽ ናት፣ ጽሑፉ የአባባ ነው፣ አርባ አመት ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው የኖረው ያ ቀጥ ያለ ፊደል። ከታች የሶስት ሽማግሌዎች ፊርማ አለ፣ የኔ አለ፣ ከኔ ቀጥሎ ደሞ የአንዲት እናት የጣት አሻራ። "ጉዳዩ በእርቅ ያለቀ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ በማንኛውም መንገድ አልጠይቅም" ትላለች። ስፈርማት ደስ ብሎኝ ነው የፈረምኩት፣ ልቤ እንደዛን ቀን ቀሎኝ አያውቅም። ምን እንደፈረምኩ የገባኝ ግን ከአስራ አንድ ቀን በኋላ ኢንሹራንስ ቢሮ ደብዳቤ ሲሰጠኝ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ 14 ነው፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው። ፍኖተ ሰላም ለቅሶ ደርሰን ከአክስቴ ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ እየተመለስን ነበር። የጎጃምን ነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከሰዓት ብሎ ነገር የለም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ይወርድና መንገዱና ጉሙ አንድ ይሆናል። ደንበጫን አልፈን አማኑኤል ከመድረሳችን በፊት ከብቶች ከሜዳ እየተመለሱ አስፋልቱን ሞልተውት አገኘኋቸው፣ ዳር ያዝኩ፣ አራቱንም ፍሬቻ አበራሁ፣ እረኛው ልጅ በገሳው ውስጥ ሆኖ እጁን አነሳልኝ፣ እኔም አነሳሁለት። አክስቴ "እሰይ ልጄ፣ ቀስ በይ፣ ማን ይቸኩልብናል" እያለችኝ ነበር። ከዛ በኋላ የማስታውሰው ድምጹን ነው።

በቆሎ የጫነ አይሱዙ ነው ከኋላ የመጣው። ፍሬን ይዟል፣ መንገዱ ላይ ምልክቱ ይታይ ነበር፣ ግን በዛ ጭነትና በዛ ዝናብ ፍሬኑ የት ይደርሳል። ቪትዟ ወደ ፊት ተወርውራ ቦይ ውስጥ ገባች። የኋላ ፓራውልት የለ፣ የዕቃ መጫኛው ክዳን ወንበሩ ጋ ደርሷል፣ መስታወቱ አክስቴ ነጠላ ላይ ተበትኗል፣ የአክስቴ ግንባር ደሞ ተሰንጥቆ ደም በአይኗ ላይ ይወርዳል። እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ፣ ላብራቶሪ ነው የምሰራው፣ ደም በየቀኑ ነው የማየው፣ የሷን ሳይ ግን እግሬ ከዳኝ።

ከአይሱዙው የወረደው ሹፌር ልጅ ነው፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሶስት ቢሆነው። መጀመሪያ አክስቴን በሁለት እጁ ደግፎ አወጣት፣ ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት፣ ይሄን ሁሌም እናገርለታለሁ። ከዛ እኔ ስልኬን ሳወጣ ሲያይ ተንበረከከ። "እታለም፣ በእመቤታችን፣ ትራፊክ እንዳትጠሪብኝ፣ ያልሽውን ሁሉ እናደርጋለን፣ እናቴ ናት ያለችኝ" አለ። ለምን እንደዛ እንደሆነ የገባኝ ወደ መኪናው መስታወት ቀና ብዬ ሳይ ነው። የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ስቲከሩ ተለጥፏል፣ ግን ሐምሌ 25 ላይ አልቋል። አስራ ዘጠኝ ቀን።

ያም ሆኖ ትራፊክ ጠራሁ፣ ከሁሉ ነገር ይሄን አንዱን ብቻ ነው በትክክል ያደረግኩት። ያኔ ሕጉን አውቄ አልነበረም፣ አክስቴ ደም ስለፈሰሳት ፈርቼ ነው። በኋላ ሳነበው ግን የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለት ተሽከርካሪ ከተጋጨ መነሻ ግምቱ ሁለቱም እኩል አጥፍተዋል የሚል ነው፣ አንቀጽ 2084 ላይ አለ፣ ጠቅላላ ጉዳቱን ግማሽ ግማሽ ይችላሉ፣ ይሄ የሚቀረው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይ በአብዛኛው በአንደኛው ሹፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። እና ዳር ይዤ ቆሜ እንደነበር የሚያሳየው ምንድነው? ትራፊኩ በዝናብ ውስጥ በሜትር እየለካ ያነሳው ፕላን ነው። የፍሬኑ ምልክት እስከ ማታ በዝናብ ይጠፋል፣ እረኛውም ከብቱን ይዞ ይሄዳል። እዛው ቦታ ላይ "በቃ እንስማማ" ብለን ተለያይተን ቢሆን ኖሮ ከሳምንት በኋላ ማንም ሰው ተነስቶ "እሷም ድንገት ቆማ ነው" ቢል የምመልሰው አልነበረኝም።

አክስቴን ደብረ ማርቆስ አድርሰን ግንባሯ ሰባት ቦታ ተሰፋ። እዚህ ላይ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ያኔ ይሰራበት የነበረው የሶስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ቁጥር 799/2005፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ ድንገተኛ ሕክምና በነጻ እንዲያገኝ ያዝ ነበር፣ የገጨው መኪና ኢንሹራንስ ይኑረውም አይኑረውም። ኢንሹራንስ ለሌለው መኪና ወይም ገጭቶ ላመለጠ ደሞ የመድን ፈንድ የሚባል አለ፣ ከ2000 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ የተቋቋመ፣ ለሞተው ቤተሰብና አካሉ ለተጎዳ ሰው ካሳ የሚከፍል፣ ከዛ ዞሮ ባለመኪናውን የሚጠይቅ። እኔ ይሄን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ሰው ወድቆ አይቀርም ማለት ነው፣ ኢንሹራንስ ባልገባ ሰው ጥፋት ሜዳ ላይ የሚቀር ድሃ አይኖርም ማለት ነው። በአጭሩ ግን ፈንዱ ለሰው ነው። ለብረት አይከፍልም። ቪትዟ በፈንዱ ዘንድ የለችም።

የሶስተኛ ወገኑ ስቲከር አስራ ዘጠኝ ቀን ባያልፈው ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዛው ያልቅ ነበር። በዛ አዋጅ መሰረት የገጪው ኢንሹራንስ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ይሸፍን ነበር። የኔ መኪና ጥገና ስንት ወጣ? 86,000። ላሜራው፣ ቀለሙ፣ የኋላ መብራቱ፣ መስታወቱ፣ የተጣመመው ሻንሲ ሁሉ ተደምሮ። ማንም ማንንም ሳይለምን፣ ድንጋይ የሚሸከም ሳይኖር፣ ያለ ሽማግሌ ይከፈል ነበር። ለዚህ ነው ሰው "ሶስተኛ ወገን እኮ ለፖሊስ ነው፣ እንዳይቀጣን ነው የምንገባው" ሲል የምናደደው። ለፖሊስ አይደለም፣ ለምትገጨው ሰው ነው የምትገባለት፣ ለማታውቀው ሰው ጉም ውስጥ ዳር ይዞ ለቆመው።

እኔ በበኩሌ ሙሉ ኢንሹራንስ ነበረኝ፣ ኮምፕሪሄንሲቭ የሚሉት። መኪናዋን ስገዛ አብራኝ የምትሰራ ልጅ "የራስሽን ብትጠነቀቂም የሰውን አትጠነቀቂለትም" ብላ ወተወተችኝ፣ አመታዊ ክፍያው ቢከብደኝም ገባሁ። ሙሉ ሽፋን ማለት ማንም ይግጭህ፣ ኢንሹራንስ ይኑረው አይኑረው፣ የራስህ ድርጅት መኪናህን ያሰራልሃል፣ አንተ ኤክሰስ የምትባለውን ድርሻ ብቻ ትችላለህ፣ የኔ 5,000 ነበረች። ከዛ ድርጅቱ ባንተ እግር ይተካና ጥፋተኛውን ይከሳል። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር፣ "ባንተ እግር ይተካል" የምትለዋን፣ ፖሊሲው፣ ማለት የኢንሹራንስ ውሉ ላይ ተጽፋ ነበር። አላነበብኳትም ነበር። ማን ያነባል፣ ሃያ ገጽ ነው፣ ፊደሉም እንደ ጤፍ ነው።

በማግስቱ ሄጄ አስመዘገብኩ፣ ፎርም ሞላሁ፣ ሰርቬየር መጥቶ ፎቶ አነሳ፣ ከጋራዦች ፕሮፎርማ መሰብሰብ ጀመሩ። እዚህ ድረስ ሁሉም ነገር በደንብ ሄደ፣ ሰራተኞቹም ጥሩ ሰዎች ነበሩ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ግን በራችን ተንኳኳ።

ሶስት ሽማግሌዎች ናቸው፣ አንደኛው ቄስ ናቸው፣ ሁለቱ የአባባ የድሮ ተማሪዎች አባቶች። ከኋላቸው ያ ልጅ፣ ድንጋይ ጫንቃው ላይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ። ከሱ ኋላ እናቱ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። አባባ ወጥቶ "ኧረ ግቡ፣ ዝናብ ነው" ቢላቸው "እሺ ሳትሉን አንቀመጥም" አሉ። እንደሱ ቆመው ሲታዩ ጎረቤት ሁሉ በአጥር በላይ ያያል። አባባ እራሱ ስንት ሰው አስታርቋል፣ የስንቱን ደም አድርቋል፣ እነዚህን ሰዎች ከደጁ ቆመው ማየት አልቻለም። ዞር ብሎ አየኝ። ምንም አላለኝም፣ አየኝ ብቻ።

"እሺ" አልኩ። ድንጋዩን ከልጁ ጫንቃ ላይ አባባ ነው ያወረደለት።

ቡና ተፈላ፣ ቆሎ ቀረበ፣ እናትየው ተናገሩ። ባላቸው ግንቦት ላይ ነው ያረፉት። አይሱዙው የሳቸው ነበር፣ እዳ አለበት፣ ልጁ ከሁለት አመት ረዳትነት በኋላ መሪውን የያዘው አባቱ ሲሞት ነው። "ወረቀቱን እሱ ነበር የሚያውቀው፣ የቱ መቼ እንደሚታደስ፣ የት እንደሚከፈል፣ እኔ ቤቱን እንጂ መኪናውን አላውቀውም ልጄ" አሉኝ። አርባው ወጥቶ ሰማንያው ሳይደርስ ኢንሹራንሱ አለፈ ማለት ነው፣ ማንም ሳያየው። ይሄን ሲሉ አላለቀሱም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ከመቀነታቸው 15,000 ብር ፈትተው መሶቡ አጠገብ አስቀመጡ። አልቀበልም አልኩ። አባባ "ተቀበዪ፣ ካሳ ያልተቀበለ ሰው ቂሙን ደብቆ እንደያዘ ነው የሚቆጠረው" አለኝ። ተቀበልኩ። ወረቀቷ ተጻፈች። ቄሱ ጸሎት አደረጉ። ልጁ እኔንም አክስቴንም ጉልበታችንን ሳመ፣ አክስቴ በፋሻዋ እንዳለች ፊቱን ይዛ ግንባሩን ሳመችው።

እንዲህ አይነት ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኛ አገር በአንድ መኪና ግጭት ተነስቶ ሁለት ዘመድ የሚኮራረፍበት፣ ገበያ የማይገናኝበት ጊዜ አለ። ያን ቀን ከቤታችን የወጣ ሰው ሁሉ ሰላም ሆኖ ነው የወጣው። ስለዚህ ሽምግልናን የምወቅስ እንዳይመስልብኝ፣ አልወቅስም፣ ዛሬም አላምነውም አልልም።

ግን ወረቀቷን ይዤ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድኩ። የሄድኩት በቅንነት ነው፣ 15,000 ተቀብያለሁ፣ ከምትከፍሉኝ ላይ ቀንሱት ልላቸው። ክሌም ክፍል ያለችው ልጅ ተቀብላኝ አነበበቻት፣ ደግማ አነበበቻት፣ ከዛ ቀና ብላ "ይሄን ፈርመሻል?" አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ሐዘን ነው የነበረው። "ምነው?" አልኳት። "ቆይ ከኃላፊው ጋር እንነጋገር፣ በደብዳቤ እናሳውቅሻለን" አለችኝ።

ደብዳቤው ነሐሴ 30 መጣ። የንግድ ሕጉን አንቀጽ 683 ይጠቅሳል። ያ ሕግ የ1952 ዓ.ም. ነው፣ በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ እንኳ የኢንሹራንሱ ክፍል የድሮው ነው የቀጠለው። የሚለው ነገር እንዲህ ነው፣ ኢንሹራንሱ ካሳውን ከከፈለ በኋላ በተከፈለው መጠን ባንተ ቦታ ሆኖ ጉዳቱን ያደረሰውን ሰው ይጠይቃል። ቀጥሎ ደሞ፣ አንተ በራስህ አድራጎት ይሄን መጠየቅ እንዳይቻል ካደረግክበት፣ ድርጅቱ ካለበት ኃላፊነት በሙሉ ወይም በከፊል ነጻ ሊሆን ይችላል። እኔ ያደረግኩት ልክ ይሄን ነው። እርቅ ደሞ በሕጋችን በታራቂዎቹ መሀል እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው የሚታየው፣ ከታረቅክ በኋላ ተመልሰህ ክስ የለም። እኔ መክሰስ ካልቻልኩ በኔ እግር የተተካው ድርጅትም መክሰስ አይችልም። ይቅርታዬን ስሰጥ የራሴን ብቻ የሰጠሁ መስሎኝ የነሱንም አብሬ ሰጥቻለሁ።

ደብዳቤውን አባባ ፊት አስቀመጥኩት። መነጽሩን አድርጎ አነበበው፣ ከዛ "ይሄ ሕግ እርቅን ይቀጣል እንዴ?" አለ። ተጣላን። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ ከአባባ ጋር እንደዛ ተጣልቼ አላውቅም። እኔ "አንተ ነህ ፈርሚ ያልከኝ፣ አንተ ነህ ተቀበዪ ያልከኝ" አልኩት። እሱ "እኔ ሰው ፊት እንዳታፍሪ ነው ያደረግኩት፣ አንቺ ብር ነው የምትቆጥሪው" አለኝ። እናቴ መሀል ገብታ ነው ያቆመችን። ሁለት ሳምንት ምሳ ላይ ዝም ተባብለን በላን።

ዝም ባልኩበት ጊዜ ግን ብዙ አሰብኩ፣ አንድ ጥያቄ ነው ሲመላለስብኝ የከረመው። አልፈረምኩም እንበል። ኢንሹራንሱ 81,000 ከፍሎ መኪናዬን ያሰራል፣ እኔ 5,000 ችዬ በወሬ እንኳ አልጎዳም። ከዛ ድርጅቱ ያቺን እናት ይከሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ባለመኪናው ራሱ ባያጠፋም፣ መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ክርክር የለውም፣ ይፈረድባቸዋል። አይሱዙው ይታገዳል ወይ ይሸጣል። እዳው ይቀራል። እንግዲህ ያን ጊዜ እኔ ቤቴ ቡና አፍልቼ ጉልበቴን አስሜ "ይቅር ብያችኋለሁ" ያልኩት ምን ሆነ? በአፌ ይቅር ብዬ በድርጅቱ እጅ አስከፍያቸዋለሁ ማለት ነው። አባባ ሕጉን ባያውቅም ይሄ በደመ ነፍስ ገብቶታል። "ካሳደዷቸውማ እርቁ ምኑ ላይ ነው" ያለኝ ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በሌላ በኩል ድርጅቱም ተሳስቷል ማለት አልችልም። የኢንሹራንስ ብር የድርጅቱ ብር ብቻ አይደለም፣ በየአመቱ አረቦን የሚከፍለው ሰው ሁሉ ብር ነው፣ ከመሀሉ እንደኔ ከደሞዙ ቆንጥሮ የሚከፍል ብዙ አለ። ኢንሹራንስ ያልገባው ሰው የሚያደርሰውን ጉዳት ሁሉ እነሱ ችለው ዝም ቢሉ፣ የገባው ላልገባው ከፋይ ሆነ ማለት ነው፣ አረቦኑም በየአመቱ ይወጣል፣ ከዛ ሌላው ሰው እኔ ለምን እገባለሁ ይላል። ይሄን ሳስበው የይቅርታ ዋጋ የሚባል ነገር እንዳለ ገባኝ። አንድ ሰው ይከፍለዋል። የተጎዳችው መኪና በጸሎት አትጠገንም፣ 86,000 ብሩ ከሆነ ሰው ኪስ ውስጥ ነው የሚመጣው፣ ከኔ፣ ከእናትየው፣ ወይ ከማላውቃቸው ከፋዮች። እኛ እዛ መሶብ ዙሪያ የተቀመጥን ሰዎች ማን እንደሚከፍለው ሳንነጋገር ነው የፈረምነው። ጥፋቱ ይሄ ነው እንጂ መታረቃችን አይደለም።

መስከረም ላይ አባባ እራሱ ተነስቶ ከኔ ጋር ቢሮ ሄደ። ሱፉን ለብሶ። ኃላፊውን ቁጭ ብሎ አናገረው፣ ለመለመን አልነበረም፣ "ይቺ ልጅ ደብቃ ቢሆን አታውቁም ነበር፣ ወረቀቱን ራሷ ነው ያመጣችው፣ ሕጉ ደሞ በሙሉ ወይም በከፊል ነው የሚለው፣ እስቲ በከፊል የምትለዋን ተመልከቱልን" አላቸው። የሕግ ሰው አይደለም፣ ግን አማርኛ አስተማሪ ነበር፣ አንዲት ቃል ከዓረፍተ ነገር ውስጥ መዞ ማውጣት ይችልበታል። ከዋናው መስሪያ ቤት ጋር ተጻጽፈው ከሁለት ወር በኋላ ወሰኑ። ከ86,000ው ላይ ኤክሰሱንና የተቀበልኩትን 15,000 ቀንሰው ከቀረው 66,000 ግማሹን፣ 33,000 ከፈሉ። የቀረው 38,000 የኔ ሆነ። የሰባት ወር ደሞዜ ነው። ለመክፈል ከእቁብ ቀድሜ ወሰድኩ፣ ከወንድሜ ተበደርኩ፣ መኪናዋም ጥር ድረስ ጋራዥ ተቀመጠች።

እናትየውን አልነገርኳቸውም። አባባ "አትንገሪያቸው፣ ከነገርሻቸው ይቅርታሽን መልሰሽ መውሰድሽ ነው" አለኝ፣ በዚህ ግን ያለ ክርክር ተስማማሁ።

ዛሬ ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ሽማግሌዎቹን በር ላይ አላቆማቸውም፣ ድንጋዩንም እዛው አወርድለታለሁ። እርቁን እቀበላለሁ። ወረቀት ከመፈረሜ በፊት ግን ለኢንሹራንሱ እደውላለሁ፣ "ሽምግልና መጥቶብኛል፣ ሰው ላኩልኝ ወይ ምን ብዬ ልጻፍ" እላለሁ። የነሱን ፈቃድ ሳይዙ ስለ ካሳው መስማማት እንደማይቻል ፖሊሲው ላይ ተጽፏል፣ በኋላ አግኝቼዋለሁ። ደሞ ድርጅት ሁሉ ሰው ፍርድ ቤት ማቆም ነው የሚፈልገው ማለት አይደለም፣ እኔ ያናገርኩት ኃላፊ ራሱ "እናትየው ቀድመው ቢመጡ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንዲከፍሉ እንስማማ ነበር፣ መኪናው እየሰራ" ብሎኛል። ይሄ መንገድ እንዳለ ከመካከላችን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በአካል ጉዳትም በንብረትም ከውል ውጭ የሚጠየቅ ካሳ ሁለት አመት ጊዜ አለው፣ ማለትም የሚያጣድፍ ነገር አልነበረም፣ የዛኑ ቀን ካልፈረምን የሚያስብል ምንም አልነበረም።

አንድ ሌላ ነገር ደሞ ውስጤን ይበላኛል። ሰው ሲሞት እድራችን ድንኳን ይዞ ይመጣል፣ አግዳሚ ይመጣል፣ ድስት ይመጣል፣ ሶስት ቀን ለቅሶ ይቀመጣል። ሟቹ መኪና እንዳለው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ግን ከዛ ሁሉ ሰው መሀል "የመኪናው ሶስተኛ ወገን መቼ ነው የሚያልቀው?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነውር ይመስላል፣ ገና አፈሩ ሳይደርቅ ስለ ንብረት ማውራት። የዛ ልጅ አባት በሞቱ ጊዜ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አርባው ካለፈ በኋላ መጥቶ ይሄን ቢጠይቅ ኖሮ ያቺ እናት መቀነታቸውን አይፈቱም ነበር። እኔ በሰፈራችን እድር ይሄን አንስቼ ነበር፣ ጸሐፊው መዝገቡ ላይ "መኪና ያለው ሟች" የሚል መስመር ጨምሯል፣ ባጃጅ ያላቸውንም ይጨምራል፣ እኛ ሰፈር ከመኪናው ባጃጁ ይበዛል።

የኔንም ኢንሹራንስ ስታደስ ካሁን በኋላ ዋጋውን አያለሁ። መኪናዋ በገዛኋት ዋጋ ነበር የተመዘገበችው፣ ገበያው ግን በየአመቱ ይወጣል፣ ከዋጋዋ በታች ካስገባሃት ደሞ አደጋ ሲደርስ በዛው ልክ ቀንሰው ነው የሚከፍሉህ። በሰዎች ላይ የደረሰ ብዙ አይቻለሁ።

አባባ አሁን ሰባ አንድ ሞልቶታል፣ ለሽምግልና ሲጠሩት ዛሬም ይሄዳል። የመኪና ጉዳይ ከሆነ ግን ከመሄዱ በፊት ይደውልልኛል፣ የሁለቱንም ሰዎች ስቲከር ፎቶ አስልኮ ያሳየኛል። ተጎጂው ኢንሹራንስ ካለው ሽማግሌዎቹ ቀድመው ድርጅቱ ዘንድ ይሄዳሉ። ወረቀቷንም ቀይሯታል። ባለፈው ሉማሜ ሁለት ሚኒባስ ተጋጭተው ሲያስታርቅ የጻፋትን አሳይቶኛል፣ ያው ቀጥ ያለ ፊደል ነው፣ ትንሽ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። እንዲህ ትላለች፦ "እኛ ስማችን ከታች የተገለጸው ወንድማማቾች በመካከላችን የነበረውን ቂም በእርቅ ትተናል። ይህ ስምምነት ስለ ቂሙ ብቻ ነው። የመኪናውን ካሳ በተመለከተ ተጎጂውም የመድን ድርጅቱም ያላቸው መብት የተጠበቀ ሲሆን፣ አከፋፈሉን ድርጅቱ ባለበት ተነጋግረን እንወስናለን።"